ሎክሳውንድ 5 በአሮጌ ባቡር ላይ፦ ደሴ ፒያሳ ያስገጠምኩት ዲጂታል ድምፅ

ከሁሉ በፊት መልሱን ልንገራችሁ። ዋጋውን ያወጣል። አሮጌ ሞዴል ባቡር ካላችሁ ሎክሳውንድ 5 የተባለው የድምፅ ዲኮደር፣ ባቡሯ ውስጥ ገብቶ ትእዛዝ የሚያነብና ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ሰሌዳ፣ ገንዘብ ቢወጣበት የማይቆጭ ዕቃ ነው። ግን ዕቃው ብቻውን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የሚገጥምላችሁ ሰው እጅ ነው፤ እኔ ያን እጅ ያገኘሁት ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ በር በማትሰፋ የሞባይል ጥገና ሱቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ የሁለቱም ነው፣ የዲኮደሩም የጠጋኙ ልጅም።

ባቡሯ ቪ 200 ትባላለች። የጀርመን የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሞዴል ናት፣ ቀይ። መጠኗ ኤችኦ የሚባለው ነው፤ ከእውነተኛዋ 87 ጊዜ ታንሳለች፣ 16.5 ሚሊሜትር በሚሰፋ ሐዲድ ላይ ትሄዳለች። እውነተኛዋ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራች ናት፣ ሆዷ ውስጥ እያንዳንዳቸው 1,100 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች ነበሯት። ሁለት መሆናቸውን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። የኔዋን እህቴ ከጀርመን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዝታ በሻንጣዋ አመጣችልኝ። ትሄዳለች፣ መብራቷ ይበራል፣ ግን ዝም ያለች ነበረች።

እኔ ደግሞ ዝም ያለ ባቡር አይሆንልኝም። ድሬዳዋ ነው ያደግኩት፣ አባቴ የባቡሩ ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። ቤታችን ለጣቢያው ቅርብ ስለነበር የሰፈሩ ሰዓት የባቡሩ ጡሩምባ ነበር፤ እናቴ ድስቷን የምታወጣው እሱን ሰምታ ነው። አሁን ኮምቦልቻ ነኝ፣ 20 ዓመት አለፈኝ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድ፣ ያ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው፣ በኛው በኩል ያልፋል፤ ልጄም ከጓደኞቹ ጋር እየሄደ ያየዋል። የባቡር ድምፅ ግን ከሞባይል ቪዲዮ ውጭ ሰምቶ አያውቅም። ሐዲድ እያየ ድምፁን ሳያውቅ ማደጉ ይከነክነኝ ነበር።

አሠራሩን ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። በድሮው መንገድ ሐዲዱ ላይ የምትለቁት ቮልት ነው ፍጥነቱን የሚወስነው። ስትጨምሩ ትሮጣለች፣ ስትቀንሱ ትዘገያለች፣ ዜሮ ስታደርጉት ባቡሯም መብራቷም ቀጥ ይላሉ። ሁለት ባቡር አንድ ሐዲድ ላይ ካስቀመጣችሁ ሁለቱም አብረው ይነዳሉ። በዲጂታሉ፣ ዲሲሲ በሚባለው፣ ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ቮልት አለ። ትእዛዙም በዚያው ኃይል ተጭኖ ነው የሚሄደው፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉ፣ ቅያሪው 58 ማይክሮሰከንድ ከፈጀ አንድ ማለት ነው፣ 100 እና ከዚያ በላይ ከፈጀ ዜሮ ማለት ነው። ባቡሯ ውስጥ ያለው ዲኮደር ይህን እያነበበ ይቆያል፣ የራሱ ቁጥር ሲጠራ ብቻ ይታዘዛል። አዲስ ሲሆን ቁጥሩ 3 ነው፣ በኋላ ትቀይሩታላችሁ። ዘዴው ሌንዝ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ካወጣው የመጣ ነው፣ የአሜሪካው የሞዴል ባቡር ማኅበር ኤንኤምአርኤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የጋራ ደረጃ አድርጎታል። በዚህ ምክንያት የአንዱ ኩባንያ ዲኮደር ከሌላው መቆጣጠሪያ ጋር ይግባባል። ለኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም እኛ አማርጠን ሳይሆን ያገኘነውን ነው የምንገዛው።

አሁን ወደ ህመሙ። የመጀመሪያው ዲኮደር ተቃጥሎብኛል። ድምፅ የሌለው ርካሽ ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ የገጠመውንም ሰው እንደዚያው። «ይሄማ ቀላል ነው» ብሎ በአንድ ከሰዓት ጨረሰልኝ። ቤት ሄጄ ሐዲዱ ላይ አስቀመጥኳት፣ ኃይል ለቀቅኩ። ሽታው ነው ቀድሞ የመጣው። ከዚያ በጣሪያዋ ስንጥቅ በኩል ቀጭን ጭስ ወጣ። ልጄ አጠገቤ ነበር፤ «አባዬ፣ እንደ እውነተኛ ባቡር ጨሰች» አለኝ ደስ ብሎት፣ እኔ ግን የእህቴ ገንዘብ ነበር የታየኝ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። እንደኔዋ ባሉ አሮጌ ባቡሮች ለሞተሩ ኃይል ከሚያቀብሉት ሁለት ካርቦኖች አንዱ ከብረት አካሏ ጋር ይገናኛል፣ አካሏ ደግሞ በብረት ጎማዎቿ በኩል ከሐዲዱ ጋር። በድሮው አሠራር ይህ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ገመድ ይቆጥባል። በዲጂታል ግን የሐዲዱ ኃይል ዲኮደሩን ዘሎ በጓሮ በር ሞተሩ ጋ ይደርሳል፣ ዲኮደሩም በአንድ ጊዜ ይቃጠላል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ሞተሩ ከዲኮደሩ ሁለት ገመዶች በቀር ከምንም ብረት ጋር መነካካት የለበትም።

ለሁለተኛው ጊዜ እህቴን ሎክሳውንድ 5 አስገዛኋት። ኢኤስዩ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው የሚሠራው። ዋጋው ከ100 ዩሮ በላይ ነው፣ ቀላል አይደለም። ስታዙ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ የባቡራችሁን ድምፅ ሻጩ እዚያው ጭኖበት ይላክላችሁ። ድምፁ የሚጫነው ሎክፕሮግራመር በሚባል የራሱ ዕቃ ብቻ ነው፣ ያን ዕቃ ደግሞ ደሴም ኮምቦልቻም ብትዞሩ አታገኙትም። የድምፅ ፋይሎቹን ኩባንያው በነፃ ነው የሚለቃቸው፣ ብዙ ሻጮችም ይጭኑላችኋል። እህቴ «የቪ 200 ይሁንልኝ» አለች፣ አለቀ። ሁለተኛ፣ አሮጌ ባቡር ሶኬት ስለሌላት ባለ ገመዱን ውሰዱ። ከባለ 8 ፒን መሰኪያ ጋር የሚመጣውን ገዝታችሁ መሰኪያውን መቁረጥ ነው።

ደሴ የሄድኩት ሐምሌ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆንም በሚኒባስ ሽቅብ ስትጠማዘዙ ቆይታችሁ ስትደርሱ ሌላ አገር የመጣችሁ ነው የሚመስለው። እኛ ጋ ሙቀት፣ እዚያ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ፣ ሰው ጋቢውን ደርቦ። ባቡሯን በፎጣ ጠቅልዬ፣ አንድ ሜትር ሐዲድና መቆጣጠሪያዬን በፌስታል ይዤ ነው የገባሁት። ጠጋኙ ልጅ ስልክ እየፈታ ነበር። ቀና ብሎ አያት።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ባቡር ነው።»

«እሱንማ አየሁት፣ ምን ሆነ ነው የምልዎት።»

ነገርኩት። የተቃጠለውን ዲኮደር አሳየሁት፣ አገላብጦ በማጉያው ተመለከተውና «ይሄ ሞተሩ ሾርት አድርጎ ነው የጨረሰው» አለኝ ሳልነግረው። እዚያ ላይ ነው ልቤ ያረፈው። የሽቦውን ንድፍ በወረቀት አሳትሜ ይዤ ነበር። ወስዶ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ዛሬ አልሠራም፣ ማታ ቤት ሄጄ ልየው፣ ነገ ይምጡ» አለኝ። ሥራ ሲሰጠው ገና ሳያይ «ቀላል ነው» ከማይል ሰው ጋር ነው መሥራት።

በማግሥቱ አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። ብሎኖቹን በትንሿ ካቻቢቴ እየፈታ ስኮች ላይ በቅደም ተከተል ይለጥፋቸዋል፣ አጠገባቸው በእስክሪብቶ ከየት እንደወጡ ይጽፋል። ካርቦኖቹን የሚገፉት ስፕሪንጎች ከጤፍ ብዙም አይበልጡም፣ ሲወጡ ይዘላሉ፤ እሱ ግን አውራ ጣቱን ደግኖ ያዛቸውና ሃይላንድ ክዳን ውስጥ አስቀመጣቸው። ከዚያ ካርቦኑን ከአካሉ የምታገናኘውን ቀጭን የመዳብ ምላስ አገኛት። በፒንሳ ቆረጣት፣ ጠርዟን በምላጭ አለሰለሰ፣ ስልክ ቦርድ ላይ የሚለጥፉትን ቢጫውን ሙቀት የማይበግረው ፕላስተር አለበሳት። ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ አካሏ ላይ፣ ሌላውን ካርቦኑ ላይ። ዝም። ሌላኛው ካርቦን ላይ። ዝም። ጎማዎቹን በእጁ እያዞረ እንደገና ለካ፣ ዝም። «ጢጥ ካለ አንገጥምም» አለኝ። ሦስት ጊዜ ለካው።

የገመዶቹ ቀለም ደረጃ የወጣለት ስለሆነ ግራ አያጋባም። ቀይና ጥቁሩ ከሐዲዱ ኃይል የሚቀበሉ ናቸው። ብርቱካናማና ግራጫው ወደ ሞተሩ። ነጩ የፊት መብራት፣ ቢጫው የኋላ፣ ሰማያዊው የመብራቶቹ የጋራ ፖዘቲቭ። የድሮዎቹን አምፖሎች ግን አወጣቸው፤ በዲጂታል ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ቮልት ስላለ ቆማም ቢሆን ይግላሉ፣ ፕላስቲኩን ሊያቀልጡት ይችላሉ። በምትካቸው ቢጫማ ብርሃን ያላቸው ኤልኢዲዎች ከሬዚስተር ጋር አደረገላት።

ስፒከሩ ላይ ግን ዘለግ አድርጌ ላውራ፤ ብዙ ሰው ዲኮደር ላይ ገንዘቡን ጨርሶ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ከዲኮደሩ ጋር የሚመጣው ስፒከር 11 በ15 ሚሊሜትር ነው፣ የስኳር ኩብ የምታህል። ልጁ መጀመሪያ ሳጥኗን ሳይገጥም እንድሰማው አደረገ። እንደ ትንኝ ነው የምትጮኸው፣ ሞተር የሚባል ነገር የለም። ከዚያ አብራ የመጣችውን ትንሽ ሳጥን በሙጫ ዙሪያዋን ደፍኖ ገጠማት። ድምፁ ተለወጠ፣ ሆድ አወጣ። ነገሩ ቀላል ነው፦ የስፒከሩ ፊትና ጀርባ የሚያወጡት አየር ከተገናኘ ይጠፋፋል፤ ጀርባው መታፈን አለበት፣ አየር የሚያሾልክበት የመርፌ ቀዳዳ እንኳ መኖር የለበትም።

እኔ በዚህ ረክቼ ነበር። እሱ አልረካም። ሳጥን ሙሉ የሞቱ ስልኮች አሉት፣ አገላብጦ ከአንዱ የታችኛውን ስፒከር አወጣ፣ የራሱ የታሸገ ክፍል ያለውን። በቴስተር ለካው፣ 7 ኦም ገደማ አለ፣ ማለትም ባለ 8 ኦም ነው። ሎክሳውንድ 5 ከ4 እስከ 32 ኦም ስለሚቀበል ችግር የለውም። በሁለት ገመድ አያይዞ ሲያሰማኝ ያኛው ተረሳ። ወፍራም ነው፣ ዝቅ ሲልም ይሰማል። ባቡሯ ጣሪያ ሥር በኋላ በኩል ልክ ገባ፣ እዚያው ቀረ። የስልክ ስፒከር ለዚህ ሥራ ይሆናል ሲሉ አንብቤ ነበር፣ በጆሮዬ ስሰማ ነው ያመንኩት። ብቻ ጥንቃቄ፦ ያገለገለ የድሮውን ሎክሳውንድ 3.5 ካገኛችሁ እሱ የሚፈልገው 100 ኦም ነው፣ የስልክ ስፒከር ብትሰጡት ዲኮደሩ ይቃጠላል።

ሲፈተሽም አልቸኮለም። ወደ ሐዲዱ በሚሄደው አንዱ ገመድ መሐል የመኪና ፍሬቻ አምፖል አስገባ። የሆነ ቦታ ሾርት ካለ ኃይሉን አምፖሉ ወስዶ ቦግ ይላል፣ ዲኮደሩ ይተርፋል። የመጀመሪያው ሰው ይህችን አንዲት አምፖል ቢያስገባ ኖሮ ስንት ነገር በዳነ። ኃይል ለቀቅን። አምፖሉ ጭል እንኳ አላለም። መቆጣጠሪያው ላይ ድምፁን የሚያስነሳውን ቁልፍ፣ ኤፍ 1ን ተጫንኩ።

መጀመሪያ የማስነሻው ድምፅ፣ ከዚያ አንደኛው ሞተር ጉርር ብሎ ተነሳ። ረጋ አለ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ተነሳ፣ ሁለቱ ተደራርበው መምታት ጀመሩ። ከበሩ ውጭ ያሉት ሰዎች አንገታቸውን አስገቡ። አንዲት እናት «ምንድን ነው ልጄ፣ ወፍጮ ነው?» አሉ። ባቡር ነው ስንላቸው ገብተው ቁጭ ብለው አዳመጡ፣ ሲወጡ «አላህ ያሳድገው» አሉ፣ ባቡሯን ይሁን ልጁን አላወቅኩም። ፍጥነት ስጨምር ወዲያው አልሄደችም። ሞተሩ ነው ቀድሞ የጮኸው፣ ጎትቶ ጎትቶ ከዚያ ጎማው ተነቃነቀ። እውነተኛው ባቡርም እንደዚያ ነው።

እዚያው ቆሜ ድሬዳዋ ለአባቴ ደወልኩ። ምንም ሳልነግረው ስልኩን ጣሪያዋ ላይ አስጠጋሁት፣ ከመጀመሪያው አስነሳኋት። ጆሮው ደክሟል፣ ስንጮህለት ነው የሚሰማን። ዝም ብሎ ቆየና «ይሄ ሁለት ሞተር ነው፣ የኛ አይደለም፣ የየት አገር ነው?» አለኝ። ልጁም ሰማው። መበየጃውን አስቀምጦ ሳቀ።

ቤት ከገባሁ በኋላ ያስተካከልኳቸው ጥቂት ናቸው። ዲኮደሩ ውስጥ ሲቪ የሚባሉ ቁጥር የተሰጣቸው ማስተካከያዎች አሉ። ሲቪ 63 አጠቃላይ ድምፁ ነው፣ እስከ 192 ይሄዳል። ከፋብሪካ ከፍ ተደርጎ ነው የሚመጣው፣ ለትንሽ ሳሎን ይበዛል፣ ስፒከሩንም ያንጫጫል። እኔ 90 ላይ አድርጌ እዚያው ተውኩት። ሲቪ 3 እና ሲቪ 4 የመነሻና የመቆሚያ ክብደት ናቸው፤ ከፍ ስታደርጓቸው እንደ ከባድ ባቡር ቀስ ብላ ትነሳለች፣ ቀስ ብላ ትቆማለች። አንድ ወሳኝ ነገር ደግሞ ሲቪ 54 ነው። አሮጌ ሞተር በዝግታ ሲሄድ ይንገጫገጫል፤ ሲቪ 54 ላይ 0 ጽፋችሁ ኤፍ 1 ስትጫኑ ዲኮደሩ ሞተሩን ራሱ ለክቶ ይለምደዋል። ባቡሯ ለአንድ ሰከንድ ተኩል ያህል በሙሉ ኃይሏ ስለምትወነጨፍ ግን ከጠረጴዛው ጫፍ አርቋት። ከዚያ በኋላ የኔዋ እንደ ኤሊ መሄድ ቻለች፣ የጎማዋን ዙር መቁጠር ትችላላችሁ። ግራ ከተጋባችሁ ሲቪ 8 ላይ 8 ጻፉ፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

መቆጣጠሪያውን አልገዛሁትም፣ ራሳችን ነው የሠራነው። ብዙ ብር አይፈጅም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆጥባችሁ ብሩን ለዲኮደሩ አድርጉት። ዲሲሲ-ኢኤክስ የሚባል በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር አለ፤ አርዱይኖ ሜጋ የሚባለው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳና በላዩ የሚሰካው የሞተር ሺልድ ካላችሁ በቂ ነው። ኮምቦልቻ ምህንድስና የሚማር የጎረቤቴ ልጅ አርዱይኖ ነበረው፣ በአንድ ቅዳሜ ጨረስነው። የዋይፋይ ሞጁል ስትጨምሩበት ስልካችሁ መንጃ ይሆናል፣ ኢንጂን ድራይቨር የሚባለው የአንድሮይድ አፕ ነፃ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር እንዳትሰኩበት፣ አብዛኛው 19 ቮልት ስለሆነ ለኤችኦ ይበዛል፤ ከ14 እስከ 16 ቮልት ያለው ይሻላል። ከ12 ቮልት በላይ ስትሰጡ ሺልዱ ላይ ቪን የተባለችዋን መስመር መቁረጥም አለባችሁ፣ አለበለዚያ አርዱይኖው ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ በ12 ቮልት ባትሪ ነው የምንነዳት። ሺልዱ ሁለት ቮልት ያህል ይበላል፣ ግን ትሄዳለች፣ ድምፁም አይቋረጥም። በሻማ ብርሃን የፊት መብራቷን አብርታ ስትዞር ልጄ አይተኛም።

የማይመች ነገር የለም አልልም። አንዱ አቧራ ነው። ሐዲዱ ወይም ጎማው ከቆሸሸ ኃይሉ ለቅጽበት ይቋረጣል፣ በድሮው ሲሆን ትንሽ ተንገጫግጣ ታልፋለች፣ በድምፅ ዲኮደር ግን ሞተሩ ይጠፋና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል፤ በጣም ነው የሚያናድደው። የኮምቦልቻን አቧራ ታውቁታላችሁ። በየሁለት ቀኑ ሐዲዱን ስልክ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት አልኮልና በጨርቅ እጠርጋለሁ። ይህን የሚፈታ ፓወርፓክ የሚባል ትንሽ ኃይል ማጠራቀሚያ አለ፣ ሳላዝዘው ቀርቼ ቆጭቶኛል። እናንተ ከዲኮደሩ ጋር አብራችሁ እዘዙት፣ ለብቻው ሰው መለመን ከባድ ነው። ሌላው ቦታ ነው፤ ዲኮደር፣ ስፒከርና ገመድ ሲገባ ባቡሯ ውስጥ አየር የሚያልፍበት አይቀርም፣ ክዳኑን ስትዘጉ ገመድ እንዳይቆነጠጥ አስተውሉ።

ለእጁ 1,500 ብር ከፈልኩት። እሱ 1,000 ነበር ያለው። የሁለት ቀን ሥራ ነው፣ ስፒከሩንም ኤልኢዲውንም አላስከፈለኝም፣ እኔም ከዚያ በታች ለመስጠት አልሆነልኝም። ደሴ ውስጥ እንደሱ ያሉ ጠጋኞች ብዙ ናቸው፤ ስልክ ቦርድ ላይ የፀጉር ያህል ቀጭን ሽቦ የሚበይድ እጅ ለባቡር ዲኮደር ከበቂ በላይ ነው። ስትመርጡ ቴስተሩን ቀድሞ የሚያነሳውን ምረጡ።

የምትሄዱ ከሆነ ሰኞ አትሂዱ። በገበያው ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው ስልኩን ሁሉ ይዞ ይገባል፣ ልጁ ቀና የሚልበት ጊዜ የለውም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሻላል። ሐዲድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቢያንስ አንድ ሜትር። የሽቦውን ንድፍ በወረቀት አሳትሙ። እኔ በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ፤ እህቴ አንዲት የእንፋሎት ባቡር ልካለች፣ ስፒከሩ የድንጋይ ከሰል መጫኛዋ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ልጁ በፎቶ አይቶ ወርዷንና ርዝመቷን ለክቼ እንድልክለት ጠይቆኛል።